ነጩ አበባና የጓሮው ክፍል

ይድረስ ለእህቴ ለእትዬ ዘነቡ፣

እንዴት ሰነበትሽ እትዬ? ጉልበትሽስ? አበባ እርሻው ግሪን ሃውስ ውስጥ ስትቆሚ ውለሽ ማታ የሚያብጠው እግርሽ ጋብ አለልሽ ወይ? የጋሽ ገመቹ ሳል በክረምቱ ብሶባቸው ነበር ብለሽኝ ነበር፤ አሁን ፀሐይ ሲወጣ ተሻላቸው? ኪዳናዊትስ ያንን የነርስነት ፈተና አለፈች? ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ጠዋት ተነስቼ ሥራ እገባለሁ ማለቴ ነው። ወገቤ ግን እንደ ድሮው አይደለም፤ ዓይኔም የቅርቡን ማየት እየተወ ነው። አርባ ሰባት ሞላኝ እኮ። አንቺ ብቻ ነሽ አሁንም «ልጁ» የምትይኝ።

በነሐሴ በሾፌሩ በተፈሪ እጅ የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። መልሱን ሁለት ወር ማዘግየቴን አውቃለሁ። ልጅሽ ፍራኦል በጥር ሊያገባ መሆኑን፣ ልጅቷ ረድኢት እንደምትባል፣ ሙሽሮቹ የሚገቡበት ቤት እንዳጡ አንብቤያለሁ። ስለ ጓሮው ክፍል የጻፍሽውን ደግሞ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት «የዋሲሁን ነው» ተብሎ ተቆልፎ ተቀምጧል፣ አሁን ግን ቤቱ ጠቦናል፣ «ትመጣለህ ወይስ አትመጣም? ቁርጡን ንገረኝ» ብለሽኛል። በስልክ ያልመለስኩልሽ ምክንያት አለኝ። በስልክ ስናወራ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ ወሬ እቀይራለሁ፣ ከዚያ ካርዱ ያልቃል። መጻፍ ይሻለኛል። ቁርጡን እነግርሻለሁ፤ ግን ቁርጡ ላይ የደረስኩት በአንድ አበባ ምክንያት ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ልንገርሽ።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ልመጣ ነበር። ይህን እወቂልኝ። ሰልችቶኝ ነበር። እዚህ ሐርጌሳ፣ ኮድቡር ያለው ፎቶ ቤት እንደምታውቂው የፋራህ ነው፤ ድሬዳዋ ያደገ ሰው ነው፣ አማርኛው የድሬ ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም። ሥራው ግን ያው ነው። ሰው ይገባል፣ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ አገጭህን ዝቅ፣ ትከሻህን ቀና፣ አትሳቅ፣ አለቀ። የፓስፖርት ፎቶ፣ የመታወቂያ ፎቶ፣ የትምህርት ቤት ፎቶ። ሠርግ ሲኖር የወንዶቹን ወገን እኔ አነሳለሁ፣ የሴቶቹ አዳራሽ ውስጥ የምትገባው ናስተሆ የምትባል ባልደረባዬ ናት። እሱም ቢሆን እየቀነሰ ነው፤ ሁሉም በስልኩ ያነሳል። ቀኑ ምን እንደሆነ የማላውቅበት ሳምንት ብዙ ነው። ስለዚህ ደብዳቤሽን አንብቤ በማግሥቱ ፋራህን «በታኅሣሥ እሄዳለሁ፣ ሌላ ሰው ፈልግ» አልኩት። «ሂድ አቦ፣ ማን አሰረህ!» አለኝ።

አበባው ግን ከዚያ በፊት ነው የጀመረው፣ በሚያዝያ። ማርያን የምትባል አስተማሪ ወደ ሱቁ መጣች። 26 ጁን የሚባል ሰፈር ያለ ትምህርት ቤት ሳይንስ ታስተምራለች። ጅግጅጋ ስለተማረች አማርኛዋ ከእኔ ይጸዳል። ስለ ከተማዋ ዙሪያ ዕፅዋት ለተማሪዎች መጽሐፍ እያዘጋጀች ነው። ተማሪዎቿ በመማሪያ መጽሐፋቸው ላይ ያለውን የሩቅ አገር አበባ ስም ይጠሩልሻል፣ ከቤታቸው ጀርባ የበቀለውን ግን አያውቁም አለችኝ። ሥዕል አትፈልግም፣ ፎቶ ነው የምትፈልገው፣ አበባው በቆመበት ቦታ፣ በራሱ አፈር ላይ። እኔ የሱቅ ሰው ነኝ፤ «ቆርጠሽ አምጪልኝና ብርጭቆ ውስጥ አድርጌ በሰማያዊው መጋረጃ ፊት አሳምሬ አነሳልሻለሁ» አልኳት። ትኩር ብላ አየችኝ። «ለአበባውም ፓስፖርት ልታወጣለት ነው?» አለችኝ። ፋራህ ከጀርባ ሆኖ ሳቀ።

ለሙከራ አንድ አበባ ሰጠችኝ። እሱን በደንብ ካነሳሁት የቀሩትንም እንድሠራላት፣ ካልሆነ ሌላ ሰው እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ከሼክ ኑር ሰፈር ወጣ ብሎ ድንጋያማ ሜዳ አለ። ደረቁ ወቅት አልፎ ዝናብ በጣለ በሳምንቱ ከመሬት ውስጥ ነጭ አበባ ብቅ ይላል፤ አረንጓዴ ቅጠል የለውም፣ ቀጥ ያለ ዘንግና ጫፉ ላይ አበባ ብቻ። ሁለት ቀን ይቆያል። በሦስተኛው ቀን ይጠወልጋል፣ ፍየል ካልቀደመው። ማርያን ሦስት ዓመት ስትጠብቀው አንድም ጊዜ በሰዓቱ አልደረሰችም ነበር።

በግንቦት መጀመሪያ ሄድን፣ ረፋዱ ላይ፣ ሱቅ ከከፈትኩ በኋላ። ሦስት አበቦች ነበሩ። ሆዴ ላይ ተኛሁ። እዚያ አካባቢ ከገጠር ተፈናቅለው የመጡ ሰዎች ናቸው የሚኖሩት፤ ዒዲል የምትባል ሴትዮ ዱላ ይዛ እየጮኸች መጣች። ካሜራ ያየ ሁሉ እዚያ መሬት ሊለካ የመጣ ነው የሚመስላቸው፤ ከዚህ በፊት እንዲሁ ፎቶ ተነሥቶ ሰው ከቦታው ተነሡ ተብሏል። ማርያን አበባ እንደሆነ ነገረቻት። ዒዲል አበባውን አየች፣ እኔን አየች፣ እንዲህ አለች ብላ ማርያን ተረጎመችልኝ፦ «ይህ ሐበሻ ቤተሰብ የለውም? ሙሉ ሰው የፍየል ቁርስ ፊት ይሰግዳል?»

ሥራዬን በጥንቃቄ ነበር የሠራሁት፣ ወይም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ነፋስ ነበር፣ አበባው ይወዛወዛል፤ ስለዚህ የካሜራውን መዝጊያ አፈጠንኩት፣ የሰከንድ አንድ አምስት መቶኛ። የሌንሱን ቀዳዳ ስምንት ላይ አደረግሁት። እሱን ብዙ አስቤበታለሁ እትዬ። ቀዳዳው ሲሰፋ ከፊት ያለው አንዱ ጫፍ ጥርት ይልና የቀረው ጭጋግ ይሆናል፤ ለሙሽራ ፊት ያምራል፣ ለሳይንስ መጽሐፍ አይሆንም። በጣም ሲጠብ ደግሞ አበባው ሁሉ ይጠራል፣ ግን ከኋላው ያለው ፌስታልና የፍየል በጠጥም አብሮ ይጠራል። ስምንት መካከለኛው ነው። ሃምሳ ያህል አነሳሁ። ፀሐይ ላይ የካሜራው ትንሿ ስክሪን መስታወት ስለምትሆን የራሴን ፊት እንጂ ፎቶውን አላየሁም። ላቤን ጠርጌ ተነሳሁና በቃ አልኩ።

ሱቅ ገብተን ኮምፒውተር ላይ ስንከፍተው አፈሩ አለ፣ ድንጋዩ አለ፣ ዘንጉ አለ። አበባው የለም። መሐል ላይ በመቀስ የተቆረጠ የሚመስል ነጭ ቦታ ብቻ ነበር። ፋራህ ጎንበስ ብሎ አየና «አቦ፣ ሶፍት ጣልክ እንዴ?» አለኝ። ማርያን አልሳቀችም። «የአበባውን ቅጠሎች ቁጠርልኝ» አለችኝ። መቁጠር አልቻልኩም። «ስድስት ናቸው» አለች፣ «እኔ አይቻቸዋለሁ። ልጆቹ ግን የሚያዩት ይህንን ነው።» ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች። በማግሥቱ ብቻዬን ወደ ሜዳው ተመለስኩ። ሦስቱንም ፍየል በልቷቸዋል፤ ዘንጎቹ ብቻ ቆመዋል።

ጥፋቴ ምን እንደሆነ ላስረዳሽ። እዚህ ሰው ሁሉ ፎቶውን ሲቀበል «ጠቆርኩ» ይላል። ሶማሌውም ይላል፣ የኛም ሰው ይላል፣ በዚህ ልዩነት የለንም። አባት ልጁን ይዞ መጥቶ «ይህ የኔ ልጅ አይደለም፣ ከሰል ነው» ብሎ ፎቶውን ፊቴ ላይ ጥሎ ያውቃል። በዚህ የተነሳ ፋራህ ከዓመታት በፊት የካሜራውን የብርሃን መጨመሪያ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጎ፣ ማንም እንዳይነካካው ጥቁር ፕላስተር ለጥፎበታል። ከዚያ ጀምሮ የምናነሳው ሰው ሁሉ ከራሱ አንድ ደረጃ የቀላ ነው። እኔም ረስቼዋለሁ። መርሳት ብቻም አይደለም፤ የካሜራው አካል አድርጌው ነበር። ካሜራው ራሱ ደግሞ ቂል ነው፤ ቀዩን አፈር አይቶ ጨለማ መሰለውና ብርሃን ጨመረ፣ በዚያ ላይ የፕላስተሩ ተደመረበት፣ ነጩ አበባ መሐል ላይ ተቃጠለ። አበባ «ጠቆርኩ» አይልም፤ መቀነስ ነበረብኝ።

ከዚያ በኋላ ክረምቱን ሙሉ ምንም አልሆነም። ነፋስ ብቻ። አቧራ በበሩ ሥር ይገባል፣ ወንበሩን እጠርጋለሁ፣ ሰው ይቀመጣል፣ አገጭህን ዝቅ እለዋለሁ። ማርያን ሌላ ሰው ፍለጋ ሄዳለች። ደብዳቤሽም የደረሰኝ በዚህ መሐል ነው። እመጣለሁ ብዬ የወሰንኩትም በዚህ መሐል ነው። ሻንጣ እንኳ ገዝቼ ነበር።

በመስከረም ሁለተኛው ዝናብ ጣለ። ማርያን ሱቁ በር ላይ ቆመች፣ አልገባችም። ሦስት ሰው በሌላ ተክል ሞክራ ነበር አሉ፤ ሁሉም በስልክ፣ ከቆሙበት፣ ከላይ አንሥተው አመጡላት። «መሬት ላይ የሚተኛ ሌላ ሰው አጣሁ» አለችኝ። ከዚያ ደግሞ ዒዲል እንደደወለችላት ነገረችኝ። ያቺ ዱላ የያዘችው ሴትዮ። አንድ አበባ አንገቱን ብቅ እንዳደረገ አይታ፣ ቢጫ ጀሪካን ቂጡንና አናቱን ቆርጣ እንደ አጥር አልብሳዋለች፣ ዙሪያውን ድንጋይ ደርድራበታለች፣ ፍየሎቹን አስራለች። ምን ነካት ብዬ ስጠይቅ ማርያን ሳቀች፤ «ያ ሐበሻ በግንቦት በማግሥቱ ብቻውን ተመልሶ መጥቶ ባዶ ዘንግ ፊት ቆሞ አየሁት፣ አሳዘነኝ» ብላታለች። አይታኛለች ለካ።

ፋራህን ካሜራውን ለመንኩት። ፕላስተሩን ልልጠው ነው አልኩት። «ከላጥከው በኋላ ደንበኛ ጠቆርኩ ካለ አንተን ነው የማሳየው» አለኝ፣ ግን ሰጠኝ። ሙጫው ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፤ በጥፍሬ ፈቀፈቅሁት።

በዚህ ጊዜ ረፋድ አልጠበቅሁም። አንቺ ድሮ «አበባ ከፀሐይ በፊት ነው ሰው የሚመስለው» ብለሽኝ ነበር፣ ለምን ንጋት ላይ እንደምትቆርጡ ስጠይቅሽ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እዚያ ነበርን። ብርሃኑ ለስላሳ ነው፣ ጥላ የለም፣ ነፋሱም ገና አልተነሳም። ዒዲል ጀሪካኑን አነሳችልኝ። አበባው ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ነበር። የካሜራው ማቆሚያ እግሩ ረጅም ስለሆነ ሩዝ የሞላ ከረጢት መሬት ላይ አድርጌ ካሜራውን እሱ ላይ አስተኛሁት። የሌንሱን ቀዳዳ እንደ ግንቦቱ ስምንት ላይ ተውኩት፤ እሱ ላይ አልተሳሳትኩም ነበር። ነፋስ ስለሌለ መዝጊያውን አዘገየሁት፣ የሰከንድ አንድ ሁለት መቶኛ፤ ንጋት ላይ ብርሃን ስለሚያንስ እንደ ግንቦቱ አንድ አምስት መቶኛ ብዬ ብደርቅ ጨለማ ነው የማገኘው። ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት ወደ አራት መቶ ከፍ አደረግሁ፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ፎቶው እንደ አሸዋ ይሻክራል። የካሜራውን የቀለም ማስተካከያ ከሱቁ አምፖል ወደ ጥላ ቀየርኩት፣ አለዚያ ነጩ ሰማያዊ ይሆናል። በመጨረሻም የብርሃኑን መጨመሪያ ከመደበኛው አንድ ደረጃ ዝቅ አደረግሁ። የተቃጠለ ቦታ ካለ ብልጭ ድርግም እያለ የሚያስጠነቅቅ ነገር አለው፤ እሱንም ከፈትኩት። በሱቁ ውስጥ ከፍተነው አናውቅም ነበር።

አንድ አነሳሁና ጃኬቴን ራሴ ላይ ተከናንቤ ስክሪኑን አየሁ። አንዱ ጫፍ ላይ ብልጭ አለ። ትንሽ ደግሜ ቀነስኩ። እንደገና አነሳሁ። ብልጭታው ጠፋ። ዓይኔ ቅርቡን ስለማያይ ጥርት ማለቱን ማርያን ናት ያየችልኝ፤ እሷም ጃኬቱ ሥር ገባች፣ ዒዲል ከውጭ ሆና የሆነ ነገር ተናገረች፣ ማርያን ፊቷ ቀልቶ ወጣች። ምን እንዳለች አልተረጎመችልኝም።

ከዚያ ፀሐይዋ ኮረብታው ላይ ብቅ አለች፣ ነፋሱም አብሯት ተነሳ፣ አበባው መወዛወዝ ጀመረ። መዝጊያውን አፍጥኜ፣ ዒዲል በሻሿ ጥላ እየጋረደችልኝ፣ ጥቂት ጨመርኩ፤ ግን የሚበልጠው የፊተኛው ነው። ከደብዳቤው ጋር በሁለት ካርቶን መሐል አድርጌ ልኬልሻለሁ። ነጩ ውስጥ መስመሮች አሉ፤ በግንቦት እዚያ እንደነበሩ እንኳ አላወቅሁም። አንቺ በቀን ስንት ሺህ አበባ የምትቆርጪ ሴት ነሽና በአንዱ ይህን ያህል የጻፍኩልሽ ላይገባሽ ይችላል። አልፈርድብሽም።

ማርያን ሱቅ ገብታ በትልቁ ስክሪን አየችውና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከዚያ አንድ ወረቀት አውጥታ ፊቴ አኖረች፣ የአርባ ተክል ስም። አንዱ በኅዳር ያብባል፣ ሌላው ከሚያዝያው ዝናብ በኋላ፣ አንዱ ደግሞ በሁለት ዓመት አንዴ ነው አሉ። ሁሉንም ለመጨረስ ሁለት ዓመት፣ ምናልባት ሦስት። «ትሠራዋለህ?» አለችኝ። ፋራህ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ያየኛል፤ እንደምሄድ ያውቃል።

እሺ አልኳት።

ቁርጡ ይኸው ነው እትዬ። አልመጣም። ሰበብ ፈልጌልሽ ነበር። ፋራህ አልለቀኝም፣ ወረቀት አላለቀልኝም፣ መንገዱ አስቸገረኝ ልልሽ እችል ነበር፤ አንቺም ታምኚኝ ነበር። ግን ማንም አልያዘኝም። የጠየቀችኝ አንድ ጊዜ ነው፣ እኔም የመለስኩት አንድ ጊዜ ነው። ደክሞኛል፣ እሱ አልተለወጠም፤ መሬት ላይ ተኝቼ ስነሳ ወገቤን ይዘው ነው የሚያነሱኝ። ብቻ የኅዳሩ አበባ የት እንደሚወጣ ማወቅ ፈልጌያለሁ። ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም።

እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደግሽኝ አንቺ እንደሆንሽ አልረሳሁም፤ ያንን ክፍል በየፋሲካው ጠርገሽ መልሰሽ እንደምትቆልፊው ተፈሪ ነግሮኛል። አንቺ ነግረሽኝ አታውቂም። ስለዚህ ለመጻፍ ሁለት ወር የፈጀብኝ የአማርኛ ችግር አይደለም።

ቁልፉን ለፍራኦል ስጪው። አልጋዬ ለሁለት ሰው ጠባብ ነው፣ ለሙሽራ አይሆንም፤ ለሚፈልግ ጎረቤት ይሰጥ። ከአልጋው ሥር ያለውን ሳጥን ኪዳናዊት ትክፈተው፤ የትምህርት ወረቀቶቼን ታስቀምጥልኝ፣ የቀረው አሮጌ ልብስ ነው። ግድግዳው ላይ የለጠፍኩትን ጋዜጣ ልጠው ቀለም ይቀቡት። በሩ በክረምት ያብጣል፤ ከታች በኩል በመላጊያ ይላጥ፣ አለዚያ ልጅቷ ስትዘጋው ጎረቤት ትቀሰቅሳለች።

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ተፈሪ ነው። ከበርበራ ጭኖ ወደ ሞጆ ሲያልፍ ቢሾፍቱ ይቆምልሻል። ምን እንደተጻፈ አያውቅም፣ እንዳትቆጪው። ምሳ አብይውና ይሂድ። የምትቆጪ ከሆነ እኔን ተቆጪ፣ ግን ጽፈሽ ተቆጪኝ፤ በስልክ አይሆንም።

ጋሽ ገመቹን ጉልበት ስሜልኝ፤ ሳሉን ችላ እንዳይሉት፣ ሐኪም ቤት ይሂዱ በይልኝ። ለኪዳናዊት፣ ፈተናውን ብትወድቅም ብታልፍም አጎትሽ ሰላም ብሎሻል በያት፤ ከወደቀች ድጋሚ ትፈተን። ለፍራኦል እንኳን ለዚህ አበቃህ፤ ረድኢትን አላውቃትም፣ ግን ልጁን ወድዳ ከመጣች ትዕግሥት አላት ማለት ነው። በግሪን ሃውስ አብረውሽ ለሚውሉት ሴቶች ሁሉ ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ፋራህም ሰላም ብሎሻል፤ «ወንድምሽን ለሁለት ዓመት አበደርሽኝ በላት» ብሏል፣ ቀልዱ ነው።

በጥር እዚህ ደረቅ ነው፣ የሚያብብ ነገር የለም። ስለዚህ ለሠርጉ እመጣለሁ። አራት ቀን ወይም አምስት። እንግዳ ሆኜ ነው የምመጣው እትዬ፤ ሳሎን ላይ ፍራሽ ይነጠፍልኝ።

ወንድምሽ ዋሲሁን

ሐርጌሳ፣ ኮድቡር
ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.